ከቀትር በኋላ የተመዘገቡ ዐሥራ አራት ፖስታዎች

ዛሬ ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1989፣ በሚኒሶታ ግዛት በስቶርቪክ ከተማ፣ በቤቴ ሳሎን ተቀምጬ፣ እኔ ሃልቮር ትቬይተን፣ የሰማንያ ሦስት ዓመት ሽማግሌ፣ የጥንታዊ ኖርዲክ ቋንቋ መምህር የነበርሁ፣ የመጨረሻ ፈቃዴን በቃሌ እናገራለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙ የሐይቁ በረዶ ሲቀልጥ እንደማላይ ነግሮኛል። አእምሮዬ ግን አልደከመም። የሚጠራጠር ቢኖር የስካንዲኔቪያ ጥናት ማኅበራችንን መተዳደሪያ ደንብ ከአንደኛው እስከ ሃያ ሁለተኛው አንቀጽ አሁንም በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝና።

ጠበቃዬ አቶ ሮናልድ ክሌቨን እኔ የምናገረውን ብቻ ሳይሆን በዚህ ክፍል የሚባለውን ሁሉ እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ። ይህ ኑዛዜ እንጂ ቃለ ጉባኤ አይደለም ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። ዕድሜዬን በቃለ ጉባኤ ስለ ኖርሁ በሌላ መንገድ መሞት አላውቅበትም አልሁት።

ምስክሮቼ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ጎረቤቴ ቬርና ሆልተ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ተጫዋች ናት። ሁለተኛው ፕሮፌሰር አክሰል ሊንድስኮግ፣ የስዊድን ሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረና ከ1966 እስከ 1968 ማኅበራችንን በፕሬዚዳንትነት የመራ ነው። ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው ባይወርስ ይሻላል ብሎ ጠበቃዬ መክሮኛል። በቬርና በኩል ይህ አሳዝኖኛል፤ የመቅዘፊያ ጀልባዬን ላወርሳት አስቤ ነበርና ለባሏ ለኦርቪል ይሁን። በአክሰል በኩል አላሳዘነኝም።

ባለቤቴ አስላውግ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ቀጥሎ የምናገረውን ሁሉ አታውቅም።

አንደኛ። ይህ ቤትና በሐይቁ ዳር ያለችው የእንጨት ጎጆ ለአስላውግ ይሁኑ። ጎጆዋን አብረን ነው የሠራናት፤ ጣሪያዋን የመታችው ግን እርሷ ናት። እኔ ከፍታ እፈራለሁ።

ሁለተኛ። መጻሕፍቴ ዱሉት ለምትኖረው ልጃችን ለሲኖቨ ይሁኑ። እኔ የጻፍኋቸውን ካልፈለገች ለማንም ብትሰጥ አልቀየምም። እናቷ የጻፈቻቸውን ግን ከእኔ መደርደሪያ አውጥታ ለብቻቸው ታስቀምጥ። እኔ ከኋላ ረድፍ ደብቄአቸው ኖሬአለሁ።

ሦስተኛ። በሰባት ሣጥን ያሉት የአይስላንድ ብራናዎች ፎቶግራፎች ለአስላውግ ይሁኑ። በ1936 የመጀመሪያ መጽሐፌን በታይፕ እንድትጽፍልኝ ቀጠርኋት፤ በሁለተኛው ዓመት አገባኋት። ጥንታዊውን ቋንቋ ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ስናገር ኖሬአለሁ። በ1952 አንድ ቀን የአተር ሾርባ እየበላን ሳለ ቀና ብላ፣ «ሃልቮር፣ ያቺ ሙሽራ ያልካት እኮ መቅዘፊያ ናት» አለችኝ።

የብራናውን ፎቶግራፍ አምጥታ፣ እኔ «ሙሽራ» ብዬ ያነበብሁትን ቃል በአጉሊ መነጽር አሳየችኝ። መቅዘፊያ ነበረ። እኔ ስለዚያች ሙሽራ አርባ ገጽ ጽፌ፣ በሦስት ጉባኤ ተናግሬ፣ አንድ ሽልማት ተቀብዬባት ነበር። አስላውግ ግኝቷን በማኅበራችን መጽሔት አሳተመች፤ በግርጌውም ባለቤቷን ስለ ትዕግሥቱ አመሰገነች። ትዕግሥት አልነበረኝም። ያን ሳምንት በማገዶ ቤቱ ውስጥ እንጨት ስፈልጥ ሰነበትሁ፤ ለሁለት ክረምት የሚበቃ ፈለጥሁ።

ከዚያ ወዲህ በየፀደዩ በምናደርገው ዓመታዊ ጉባኤ ወጣቶቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ እርሷ ጠረጴዛ ይሄዱ ጀመር። ከቫንኩቨር የመጣ አንድ ተመራማሪ ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ስም አንብቦ፣ «የአስላውግ ባል ነዎት?» አለኝ። እኔ የማኅበሩ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ነበርሁ። ነኝ አልሁት፤ ፈገግም አልሁ። የዚያን ቀን የበላሁት ዓሣ እስከ ዛሬ አልወረደልኝም። ቅናት በሌላ ወንድ ቢሆን ኖሮ ከቤቴ አባርረው ነበር። እኔ የቀናሁት በሚስቴ ላይ ነው፤ የቀናሁባትም እርሷው እራት ታቀርብልኛለች፣ ሸሚዜን ትተኩስልኛለች።

አራተኛ። የመጽሔታችን ሙሉ ጥራዞች ለማኅበሩ ይሁኑ። የሥራ አስፈጻሚው ምክር ቤት በሚመጣው የሜይ ጉባኤ ሁለት ማሻሻያ እንዲያቀርብና አባላቱም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲያጸድቁት እማጸናለሁ። ይኸውም፦ የትዳር ጓደኛው ወይም ዘመዱ ለምርጫ የቀረበ ሰው የድምፅ ቆጠራ አይንካ፤ የፖስታ ሣጥኑም ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይኑር። ይህን የምለው ስለሚከተለው ነው።

አምስተኛ። በዚህ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያሉት ዐሥራ አራት የታሸጉ ፖስታዎች ለአስላውግ ይሁኑ።

በ1966 ለፕሬዚዳንትነት ሁለት ዕጩዎች ቀረቡ፤ አክሰልና አስላውግ። አባላት ድምፃቸውን በፖስታ ይልካሉ፤ የድምፁ ወረቀት ስም በሌለው ፖስታ ይታሸጋል፤ ያ ደግሞ ላኪው በፈረመበት ሌላ ፖስታ ውስጥ ይገባል። እስከ ኤፕሪል 15 ቀን ቀትር ድረስ በእጃችን ያልገባ አይቆጠርም። «ቀትር» የሚለውን ቃል ያስገባሁት እኔ ነኝ። የአስመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢም እኔ ነበርሁ። አንዲት የምክር ቤት አባል፣ ባል በሚስቱ ምርጫ ላይ መቀመጡ ደግ አይደለም ብትል፣ አክሰል ሳቀና፣ «ሃልቮርን ተዉት፤ ይህ ሰው ለሚስቱ ከሚያጭበረብር በሚስቱ ላይ ቢያጭበረብር ይቀለዋል» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

የመዝጊያው ዕለት ዓርብ ነበረ። ከቀትር አንድ ሰዓት በፊት ወደ ፖስታ ቤት ሄጄ ሣጥኑን ከፈትሁ። ዐሥራ አራት ፖስታ ነበረበት። ፊርማዎቹን አገላብጬ አየሁ፤ የሲያትል፣ የቫንኩቨር፣ የዊኒፔግ ሰዎች ናቸው። ወንበር የሚጎትቱት እነዚያ ነበሩ። ፖስታዎቹን መልሼ ሣጥኑን ቆለፍሁ። ወደ ቤት ሄድሁ፤ አስላውግ እንቁላልና ዳቦ ሠርታ ጠበቀችኝ፤ በላሁ። ከቀትር ሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሼ አወጣኋቸውና በእያንዳንዱ ላይ «ዘግይቶ የደረሰ» ብዬ ጻፍሁ።

ኮሚቴው ሲቆጥር አክሰል ስድሳ አራት፣ አስላውግ አምሳ አምስት አገኙ። ዐሥራ አራት ፖስታ ዘግይቶ እንደ ደረሰ ለጉባኤው ተነገረ፤ ሰዉም ፖስታ ቤቱን አማ። በመኪና ወደ ቤት ስንመለስ አስላውግ፣ «አልፈለጉኝም» አለች። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ምንም አልጻፈችም። እኔ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ሁለት መጽሐፍ ጻፍሁ። በደስታ ነው የጻፍኋቸው። በሕይወቴ ሥራ እንደዚያ ዘመን ቀሎኝ አያውቅም።

እዚህ ላይ ስደርስ አስላውግ ሹራቡን ጭኗ ላይ አኖረች። አክሰል ተነሥቶ ቆመ። «ታዲያ እኔ ፕሬዚዳንት አልነበርኩም ማለት ነው?» አለ።

«ቁጭ በል አክሰል» አለችው። «ደካማ ፕሬዚዳንት ነበርክ፤ ግን ነበርክ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ከፍተሃቸዋል?»

«አልከፈትኳቸውም።»

«ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«ፈራሁ።»

«እኔን ነው?»

«ቁጥሩን» አልኋት።

ሣጥኑን አንሥታ ወደ ጠረጴዛው ወሰደችው። አክሰል፣ ያልተቆጠረ ድምፅ ከዓመት በኋላ መቃጠል እንዳለበት፣ ቆጠራም ቢሆን ሦስት አባላት ሳይገኙ እንደማይካሄድ ከደንቡ ጠቀሰ። አንቀጹን አልሳተም። አስላውግ እኔን፣ እርሱንና ራሷን በጣቷ እያመለከተች፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለችና በሹራብ መሥሪያዋ ጫፍ የመጀመሪያውን ፖስታ ቀደደችው።

ቬርና መነጽሯን አድርጋ ስሞቹን አነበበች። ጠበቃዬ በወረቀት ላይ መስመር አሰመረ። ለአስላውግ ዐሥራ አንድ፣ ለአክሰል ሦስት። ክሌቨን ከቀድሞው ጋር ደመረው፤ አክሰል ስድሳ ሰባት፣ አስላውግ ስድሳ ስድስት።

አክሰል መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። ቬርና፣ «እንግዲያማ ፕሮፌሰር፣ ምንም አልጎዷትም» አለችኝ። ጠበቃዬም አምስተኛው ነገር ይሰረዝ እንደ ሆነ ጠየቀኝ፤ ያልሆነ ጉዳት በኑዛዜ ውስጥ ምን ያደርጋል አለ። እኔም ተነፈስሁ። ለጥቂት ጊዜ በዚህ ወንበር ላይ ንጹሕ ሰው ሆኜ ተቀመጥሁ፤ ያ ጊዜ እንዲረዝምልኝ ተመኘሁ።

አስላውግ የክሌቨንን ወረቀት ይዛ ቆማ ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁት ሐዘን አልነበረም። በጉባኤ ላይ ስታነብ ብቻ የማያት ያች ብርሃን ነበረች፤ ያች ዘመኔን ሁሉ የቀናሁባት።

«በአንድ ድምፅ» አለች። «እኔ እኮ ዘጠኝ ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ስድሳ ስድስት ሰው ፈልጎኝ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ሐሳቡን ቢለውጥልኝ...»

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። አንቀጽ ዘጠኝ ድምፅ ምስጢር ነው ይላል፤ አባል ለማን እንደ ሰጠ እንዲናገር አይገደድም። አይገደድም እንጂ አይከለከልም። ስለዚህ ይጻፍ፦ ከመጀመሪያዎቹ ስድሳ አራት ድምፆች አንዱ የእኔ ነው። እኔ ሃልቮር ትቬይተን ድምፄን የሰጠሁት ለአክሰል ሊንድስኮግ ነበር። ለእርሷ ሰጥቼ፣ ፖስታዎቹንም በሰዓታቸው አውጥቼ ቢሆን ኖሮ ስድሳ ሰባቱ የእርሷ ነበር።

አስላውግ ወረቀቱን አላስቀመጠችም። «አንተ?» አለች።

«እኔ።»

ክሌቨን ብዕሩን አንሥቶ ይጠብቅ ነበር፤ ወደ እርሱ ዞራ፣ «ይጻፉት» አለችው።

ሌላ የምጨምረው የለኝም። ከዚህ በፊት የሰጠሁት ኑዛዜ ሁሉ በዚህ ተሽሯል። ተነቦልኝ ሰምቼ፣ ቃሌ መሆኑን አምኜ በእጄ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ሃልቮር ትቬይተን

ተናዛዡ ይህን ሲናገሩና ሲፈርሙ አይተን ሰምተን ፈርመናል።

ምስክር፦ ቬርና ሆልተ
ምስክር፦ አክሰል ሊንድስኮግ

ጸሓፊ፦ ሮናልድ ክሌቨን፣ ጠበቃ። ሁሉም ከፈረሙ በኋላ የተናዛዡ ባለቤት ሕግ ሳይጠይቃቸው ብዕሩን ከእጄ ተቀብለው፣ ከማግባታቸው በፊት በነበራቸው ስም የሚከተለውን በራሳቸው እጅ ጽፈዋል።

ሰምቻለሁ። አስላውግ ሬይመስታድ