በእርስዎ ስም የገባሁባት ረቡዕ

ውድ ጋሼ፣

ለአራት ዓመት ደህንነትዎን ጠይቃ የማታውቅ ሰው ዛሬ «እንደምን ሰነበቱ» ብትል ያምርባታል ወይ ብዬ ብዕሬን ሦስቴ አስቀመጥኩ። ተነሳሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ፣ እንደገና ቁጭ አልኩ። ሰሞኑን እንዲህ ነኝ፤ አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኛል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ውስጥ አጠገብዎ እቀመጥ የነበርኩት ልጅ ነኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። «ስሙን አንዴ፣ የአባቱን ስም ሁለቴ ጠይቂ» ይሉኝ ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲቆምብኝና በንዴት ስደበድበው ደግሞ «ተይው፣ እሱ እንደ አማት ነው፤ ሲያኮርፍ አይነካካም» ብለው ያስቁኛል።

ባለቤትዎን ለዓይን ሕክምና ይዘው የሄዱበትን ሳምንት ያስታውሳሉ? ኮምፒዩተሩ በእኔ ስም ሲገባ የቆዩ ካርዶችን አይከፍትም ነበርና የይለፍ ቃልዎን በጆሮዬ ነገሩኝ። «ወረፋው እንዳይቆም ብዬ ነው፤ ከአፍሽ እንዳይወጣ» አሉኝ። ረቡዕ ጠዋት ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሎ ሳለ «የይለፍ ቃልዎ ዛሬ ያበቃል፤ አሁኑኑ ያድሱ» የሚል ኢሜይል በእርስዎ አድራሻ መጣ። አላሰብኩም። ከፈትኩት፣ የእርስዎን ስም ጻፍኩ፣ የይለፍ ቃሉን ጻፍኩ። ገጹ ምንም ሳይል ጠፋ። እኔም ቀጣዩን በሽተኛ ጠራሁ፤ ነገሩንም እዚያው ረሳሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ኮምፒዩተሮቹ በሙሉ በኢንተርኔት ሌቦች ተቆለፉ። አስራ አንድ ቀን ሙሉ የአንድም በሽተኛ ካርድ ማየት አልቻልንም። እናቶች የልጆቻቸውን ክትባት በቃላቸው ለማስታወስ ሲታገሉ፣ ሐኪሞቹ እኛ ላይ ሲጮኹ ያዩት ነው። ኮሚቴ ተቀመጠ፤ ሌቦቹ የገቡት በእርስዎ ስም መሆኑ ታወቀ። እኔንም ጠሩኝ።

«የሰውየውን የይለፍ ቃል ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም» አልኩ።

እርስዎ ፊት ለፊቴ ነበሩ። አዩኝ። ቀጥሎ ሲጠየቁ «የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አሉ። ጡረታዎ ሁለት ዓመት ሲቀረው «በቸልተኝነት» የሚል ደብዳቤ ይዘው ወጡ። እኔ ደግሞ ወንበርዎን ወረስኩ።

ያኔ ያንን ኢሜይል ከጥፋቱ ጋር አላያያዝኩትም ነበር፣ ጋሼ። መዋሸቴን ግን ያኔም አውቀው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው በኦንላይን የሳይበር ደህንነት ማስተርስ የጀመርኩት። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ለእድገት ነው» እላለሁ። አብራኝ የምትኖረው እህቴ ብቻ «ለእድገት የሚማር ሰው እንዲህ አይንቆራጠጥም» ትለኛለች። ለመጨረሻው የመመረቂያ ፕሮጀክት በእውነት የደረሰ አንድ ጥቃት መርምረን እንድናቀርብ ታዘዝን። የክሊኒኩን መረጥኩ። ዳይሬክተሯ «ስም እንዳይወጣ ብቻ» ብላ ፈረመችልኝ፤ የኮምፒዩተር ባለሙያውም ማን መቼ ከየትኛው ኮምፒዩተር ምን እንደከፈተ የሚያሳየውን የቆየ መዝገብ ገልብጦ ሰጠኝ።

አንድ ወር ሙሉ መስመር በመስመር ለቀምኩት። በመጨረሻም አገኘሁት። ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። ስምዎና የይለፍ ቃልዎ ለሌቦቹ የሐሰት ገጽ የተሰጠው ከሦስት ቁጥር ኮምፒዩተር ነው። ሦስት ቁጥር የእኔ ናት። እርስዎ ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበሩ። ኩሽና ሄድኩ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ ሳልጠጣው ተመልሼ መስመሩን እንደገና አነበብኩት። አልተለወጠም።

አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። በስክሪን ብቻ የማውቀው፣ ከኋላው ሁልጊዜ የተሰጣ ልብስ የሚታይ ሰው ነው።

«ርዕስ መቀየር እችላለሁ?»

«ሁለት ሳምንት ቀርቶሽ? ምን አገኘሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ካላገኘሽ ምን ያስሮጥሻል?»

ጽሑፉ ላይ «አንዲት ሠራተኛ» ብዬ አለፍኩት። ቅዳሜ ከሰዓት በሦስት ፈታኞች ፊት አቀረብኩ። ሁለቱ ስለ ቴክኒኩ ጠየቁኝ፤ እንደ ውሃ ጠጣሁት። ሦስተኛዋ ሸበቶ ሴት ግን መነጽሯን አውልቃ፣

«ይህች ሠራተኛ በጊዜው ተጠይቃለች?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ምን አለች?»

«ዋሸች።»

«በምን አወቅሽ?»

ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ «መብራት ሄደ» ማለት እችል ነበር። እጄ ክዳኑ ላይ ደርሶም ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ፈታኞቹ ድርሻዬን በግልጽ እንድጽፈው አዝዘው ፕሮጀክቱን አሳለፉት። እህቴ አቅፋ አሽከረከረችኝ፤ እኔ ግን ደስታው ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

ሰኞ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁ።

«ያለፈ ነገር ምን አስቆፈረሽ? ሰውየውም ጡረታ ላይ ናቸው» አለችኝ።

«ጡረታ አልወጡም። አባረናቸው ነው» አልኳትና ፈርሜ የያዝኩትን የእምነት ቃል ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ።

ዘጠኝ ቀን በሩ በተከፈተ ቁጥር ከወንበሬ ስነሳ ከረምኩ። በአስረኛው ኮሚቴው ውሳኔውን ሰጠ። የስንብት ደብዳቤዎ ተሰርዟል፤ የጡረታ መብትዎም ተመልሷል። ግልባጩን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ዋናው በፖስታ ይደርስዎታል። እኔን ከኮምፒዩተር ሥራ አግደውኛል። ቅር አላለኝም።

ትናንት ቤትዎ ደወልኩ። ልጅዎ አነሳች። «አባዬ የክሊኒኩን ስም ሲሰማ ክፍሉን ለቆ ይወጣል» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ እስከ ዛሬ ‹በእኔ ዓይን ምክንያት ነው ሥራህን ያጣኸው› እያለች ታለቅሳለች» አለች። ይህንን አላውቅም ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቤቱ ጠበበኝ፤ ወጥቼ እግሬ እስኪዝል ሄድኩ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ደብዳቤ አይበቃም። እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ማስገባት ካልፈለጉ አያስገቡኝ፤ ብቻ ባለቤትዎ በር ድረስ ይውጡልኝ። ለእርስዎ የምነግርዎትን እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ለእሳቸው ግን በአፌ ነው የምነግራቸው፣ ቆሜ፣ በቀን ብርሃን።

ወንበርዎ ላይ የተቀመጠችው
የካርድ ክፍል ባልደረባዎ