ዓርቤ ወይስ ቤታቸው

ዓርብ፣ ኅዳር 7፣ ማታ

እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፍልሽ፣ ማስታወሻዬ። ከክሊኒኩ ሰፈር ከካርቲየ 4 እስከ ማዳም ቤት ሀራሙስ፣ ግማሹን በእግር። ክፍያ የለው፣ ምን የለው። ደስታው ግን! በሳምባ ነቀርሳ ክሊኒኩ የሐበሾቹን አማርኛ ለነርሶቹ በፈረንሳይኛ የማስረዳው እኔ ነኝ። እዚህ ቤት ስሜ «ላ ቦን»፣ ሠራተኛዋ፣ ብቻ ነው። እዚያ ነርሷ ፋጡማ ወንበር ታቀርብልኛለች።

ዘሪቱ ግን አስጨነቀችኝ። እንደኔው የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ኪኒኗን አቁማለች። ከአገር ጸበል ተልኮላት፣ ከመድኃኒት ጋር አይሆንም ብላ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ። በመጨረሻ፣ ኪኒኑን በጸበሉ ዋጪው አልኳት። ዋጠች! ዓርብ ዓርብ መጥተሽ ካላየሽኝ ግን እተወዋለሁ አለች። ማልኩላት።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ጉድ ፈላ። ማጠብ የለመደ እጄ! የክሊኒኩን የአፍ መሸፈኛ እንደ ሌላው ሰው መጣል ሲገባኝ አጥቤ ከማዳም ልጆች ልብስ ጎን አሰጣሁት። ማዳም አዩት። በሽታ ቤቴ አስገባሽ ብለው ጮኹ። ብርጭቆዬ ተለየ። ከዓርብሽና ከቤቴ አንዱን ምረጪ አሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

የሽንኩርት ጭስ አሳለኝ። ማዳም በር ዘጉ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ፈራሁ። ሥራ ካጣሁ አገር ቤት ገንዘብ የምልክላት እማዬ ምን ትሆናለች? ብቀር ደግሞ ዘሪቱ ትተወዋለች። እውነቱን ልንገርሽ? ለዘሪቱ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይኛዬ እንኳ እዚያ ነው አፍ የፈታው፤ እዚህ የምናገረው «እሺ ማዳም» ብቻ ነው። ያቺን ቀን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?

ዓርብ፣ ኅዳር 14፣ ጧት

ወደ ክሊኒኩ ልወጣ ስል ማዳም በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ለታማሚ ቤተሰብ በማስረዳበት ድምፅ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሽታው በታጠበ ጨርቅ እንደማይተላለፍ ነገርኳቸው። ቀና ብዬ። አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ከዚያ የቤቱን ቁልፍ አስቀምጪና ውጪ አሉ።

አስቀመጥኩ። ድምፄ ግን አልከዳኝም።

አሁን ከግቢው ውጭ፣ የግንቡ ጥላ ሥር ነኝ። ልብሴ በፌስታል። የት እንደማድር አላውቅም። ፈርቻለሁ፣ በጣም። ፋጡማን እጠይቃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ዘሪቱ ኪኒኗን ትዋጥ። ጸበሏን ይዛ እየጠበቀችኝ ነው። አውቶቡሱ መጣ፣ ልሂድ።