ስምንት ቁጥሩን ላኪለት

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም በሰላም ተገላግላለች።

አባትሽ በስልክ «ስድስት ቁጥሩ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይበቃኛል» ያለሽን እንዳትሰሚው። መንጠቆ ላይ በላባ የተሠራ ዝንብ መሳይ ማታለያ ወርውሮ ትንንሹን ዓሣ ለማጥመድ ስድስቱ ደህና ነው፤ የሐይቃችንን ግዙፍ ዓሣ የሚችለው ግን ጠንካራው ስምንቱ ነው። ድሮ ይህን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው! ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግን ቀኝ እጁን አያምነውም፤ ቀላሉን ስድስቱን የጠየቀሽም ለዚህ ነው።

ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። ጠዋት ጠዋት የመጥረጊያ እንጨት ላይ ሲባጎ አስሮ፣ ጫፉ ላይ ሽቦ ቆልምሞ ግቢ ውስጥ ይወረውራል። ያጠብኩትን ልብስ መሬት ለመሬት እየጎተተ አንገፍግፎኛል። ትናንት ግን የገዛ ሸሚዙን አነጣጥሮ፣ በዚያው በታመመ እጁ ከገመዱ ላይ መንጭቆ አወረደውና ብቻውን ሳቀ። እኔም በመስኮት እያየሁ ቁጣዬን ዋጥ አደረግኩ።

አደራሽን ስምንቱን ላኪለት። ስድስቱን ካየ፣ «እጅህ አይድንም» ያልሽው ነው የሚመስለው። ምነው ብሎ ከጠየቀሽም «ስድስቱ አልቆ ነው» በይው፤ እኔ እንደጻፍኩልሽ እንዳይሰማ።

የምትልኪበትን እጅ ይባርክልኝ፤ የሚቀበልበትንም።

እናትሽ