የኦርቫል ጠመንጃና የጥርስ ሐኪሙ ኳስ

ሜርል ወንድሜ፣

ሞንታና፣ የባለቤቴ ወንድም ኦርቫል ቤት ነኝ። የአሮጌ ጠመንጃ ፍቅሩን ታውቃለህ፤ የመቶ ዓመት ሰደፍ በብርጭቆ ወረቀት ያሸ ሰው «ታሪክ ፋቅህ» ተብሎ ደጁን አይረግጥም። ዛሬ ግን ራሱ በዚያ በተከበረ የወታደር ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ የብረት ኩባያ ገጥሞ፣ እርሳስ በሌለው፣ ባሩድ ብቻ ባለው ጥይት የጎልፍ ኳስ ሲያስፈነጥር ዋለ። እኛ ኔብራስካ ቢበዛ ድንች በቧንቧ እንተኩሳለን፤ ድንች ደግሞ ታሪክ አለኝ አይልም።

አንዷ ኳስ ኮረብታውን ተሻግራ ጎልፍ ሜዳው ውስጥ ወደቀች። ኦርቫል «ሄጄ ጥፋቴን አምናለሁ፤ ወንድ ልጅ አይዋሽም» ብሎ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሳ። ተከተልኩት። ስንደርስ የከተማው ጥርስ ሐኪም «በአንድ ምት ጉድጓድ አስገባሁ!» እያለ፣ እንደ ደንባቸው ክለቡን በሙሉ ውስኪ ይጋብዛል። ጥላሸት የለበሰች ኳስ አምጥቶ ኦርቫል አፍንጫ ስር ደቀናት።

«አሽትታት እስቲ! እንዴት አድርጌ ብመታት ነው እንዲህ የተቃጠለችው?»

ኦርቫል አሸተታት። እኔን አየኝ። የተቀዳለትን ውስኪ አየ።

«እጅህ ይባረክ ዶክተር» አለው። «አደራ፣ እንዳታጥባት! ታሪክ ትፍቃለህ።»

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለቤትህን ሎሬታን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ።

ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ዝም ያለው፣
ዱዌይን