ከግድግዳው ሥር የተተከለው ድንኳን፦ የአቶ ካልሙርዛ ኦሮዛሊየቭ የሕይወት ታሪክ

አቶ ካልሙርዛ ከአባታቸው ከፈረስ አርቢው ከአቶ ኦሮዛሊና ከእናታቸው ከወ/ሮ ቡሩልቻ በተራራማው የናሪን አውራጃ፣ አትባሺ በተባለች መንደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1952 ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዚያው ከተከታተሉ በኋላ በ1969 ወደ ዋና ከተማችን መጥተው ሕንፃን በድንጋይ ሰሌዳ የማልበስ ሙያ ተማሩ፤ በሙያውም አርባ ስድስት ዓመት አገለገሉ። በ1978 ከመምህርት ዙራካን ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

ዛሬ በግቢው የተሰበሰብንበትን ይህን ሕንፃ በ1984 ያለበሱት እርሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሰሌዳ በሲሚንቶ ይለጠፍና በሽቦ ከግድግዳው ጋር ይታሰር ነበር። ሕንፃው የሚመረቅበት የግንቦት አንድ የሠራተኞች በዓል ሲቃረብ ግን አለቃቸው፣ "ካልሙርዛ፣ ሽቦውን ማን ሊያየው ነው? ቶሎ በል እንጂ!" አሏቸው። አቶ ካልሙርዛም የላይኞቹን ሦስት ረድፎች ያለ ሽቦ ለጠፉ። ሕንፃው በሰዓቱ ተመረቀ፤ እርሳቸውም ቤት ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው እዚሁ ገቡ።

በ1999 የካቲት ወር ውርጩ አንዱን ሰሌዳ አላቀቀው። የወደቀው ለጎረቤታችን ለወ/ሮ ባትማካን ባለቤት ከተተከለው የሐዘን ድንኳን ሁለት እርምጃ ርቆ ነበር። ሰው አልተጎዳም። አቶ ካልሙርዛን የጠረጠራቸውም አልነበረም። እርሳቸው ግን በለቀስተኛው ፊት ቆመው፣ "ሽቦውን የተውኩት እኔ ነኝ" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ይህ ግቢ ግድግዳውን ፈርቶ ለሙታኑ ያለቀሰው ከመኪና ጋራዦቹ ጀርባ፣ መንገድ ዳር ነው።

አቶ ካልሙርዛ በቀጣዩ ዓመት መወጣጫ አቁመው በሞቃቱ ወራት እሑድ እሑድ ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመሩ። ግድግዳውን በስተው የብረት ማቀፊያ በብሎን ያስራሉ፤ የሰሌዳውን ጠርዝ ሰርስረው ማቀፊያው ላይ ያስቀምጡታል፤ ከጀርባው አየር እንዲያልፍ ሦስት ጣት ክፍተት ይተዋሉ። ወ/ሮ ባትማካን ከመስኮታቸው ብቅ ብለው፣ "አንተ ካልሙርዛ፣ ቤታችንን እንደ ሽንኩርት ልጠህ ልትጨርሰው ነው?" ይሏቸው ነበር። "እትዬ፣ ያለ አዝራር ነበር የሰፋሁለት፤ አዝራር ልትከልለት ነው" ይላሉ እርሳቸው። ሦስቱ ረድፎች ሲያልቁ አላቆሙም። መላው ግድግዳ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ።

ሥራው ቢያልቅም ፍርሃቱ አላለቀም፤ ድንኳን ከጋራዦቹ ጀርባ መተከሉ ቀጠለ። አቶ ካልሙርዛም በዚህ ማንንም ተጭነው አያውቁም።

በ2021 የድንጋይ ብናኝ ያደከመው ሳንባቸው ታመመ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ረቡዕ ጥቅምት 9 ቀን 2024 ማለዳ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው አረፉ። ለቤተሰባቸው የተውት ኑዛዜ አንድ ነበር፤ "ድንኳኔን ከግድግዳው ሥር ትከሉልኝ።"

ረቡዕ ከሰዓት ድንኳኑ ሲተከል ጎረቤቱ ሁሉ ሽቅብ እያየ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ወንበራቸውን ራሳቸው ይዘው መጥተው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው መጀመሪያ የተቀመጡት የሰማንያ ስድስት ዓመቷ ወ/ሮ ባትማካን ናቸው። "ኑ እንጂ፣ ምን ይገትራችኋል? አዝራር አለው" አሉ።

አቶ ካልሙርዛን ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውና ከዚህ ግድግዳ ሥር የተቀመጣችሁ ሁሉ ትሸኟቸዋላችሁ። አላህ ይማራቸው፤ አፈሩ እንደ ሐር ይቅለላቸው።