ወተቱን ስለ ደፉት ስለ ሲስተር ገዲሴ ሂርጳ

ሲስተር ገዲሴ ሂርጳ የአዲስ አበባዋ ሀና ማርያም ገና የጤፍ ማሳ በነበረችበት ዘመን፣ እዚያው ግንቦት 9 ቀን 1964 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ሂርጳ ዋቅቶላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦብሴ ሞልቱ ተወለዱ። ለሦስት ወንዶች አንዲት እህት ነበሩ፤ ሦስቱንም በቁጣ ቀጥ አድርገው አሳድገዋል።

በ1983 ዓ.ም. ከአቶ ቦንሳ ፍሮምሳ ጋር ትዳር መሠረቱ። የበኩር ልጃቸው በሦስት ወሩ በተቅማጥ አረፈ። ከጠዋት የተረፈውን የጡጦ ወተት ከሰዓት አሙቀው ያጠጡት ራሳቸው ነበሩ፤ ይህንንም ከማንም ደብቀው አያውቁም። ትምህርታቸውን ቀጥለው በ1990 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁና በክፍለ ከተማችን በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ ያለ ቀናቸው ለተወለዱ ሕፃናት ወተት በማዘጋጀት ሃያ ሰባት ዓመት አገለገሉ።

በሥራ ቀልድ አያውቁም። እጁን ሳይታጠብ ጡጦ የነካ ሰው፣ ሐኪም እንኳ ቢሆን፣ በሰው ፊት ይዋረዳል። ስምና የታለበበት ሰዓት ያልተጻፈበት የእናት ወተት በእሳቸው በር አያልፍም።

በለቅሶው ድንኳን «በጭካኔ ደፉት» የሚል ወሬ ስለተሰማ፣ እውነቱ ይነገር። መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አንድ አባት፣ በኦፕራሲዮን ወልዳ ለቡ ሰፈር ቤቷ የተኛች ባለቤቱ ያለበችውን ወተት ሆስፒታል ለቀረችው ሕፃን ልጃቸው ይዞ መጣ። በረዶ የለው፣ ሰዓት የለው። መንገድ ተዘግቶ ታክሲ ውስጥ ከአምስት ሰዓት በላይ በሙቀት ቆይቷል። ሲስተር ገዲሴ ጠይቀው ይህን ሲሰሙ፣ ዓይኑ እያየ ደፉት።

«እያለቀሰች ያለበችውን!» ብሎ ጮኸ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ልጅህን ይገድላታል። ሌላ እስክታመጣ እኛ እናጠጣታለን» አሉት።

አልሰማም። የግሉኮስ መስቀያውን ብረት አንስቶ አናታቸውን አላቸው። ከወደቁም በኋላ አልተወም፤ ክንዳቸውን ሰበረ፣ ጥርሳቸውን አረገፈ። ጥበቃዎች ደርሰው ሲያነሷቸው ደም በሞላው አፋቸው የተናገሩት «ጡጦዎቹ ደም ነክቷቸዋል፤ እንደገና ይቀቀሉ» የሚል ነበር። የሰውየው ስም በዚህ ወረቀት ላይ አይጻፍም።

እሱ ፖሊስ እጅ ስለገባ፣ ወንድሞቻቸው ንዴታቸውን በቤቱ ላይ ሊወጡ ቤንዚን ገዙ። ይህን የጻፈው ታናሽየው ኮርሳ ቀዳሚው ነበር። ሲስተር ገዲሴ ከተኙበት ሰሙና አስጠሩት። «እናቲቱ አራስ ናት። ብትደነግጥ ወተቷ ይደርቃል። ያቺ ልጅ ምን ልትጠጣ ነው?» አሉት። ኮርሳ ቤንዚኑን በገዛ እጁ ደፋው፤ ንዴቱ ግን ዛሬም አልበረደም።

ሲስተር ገዲሴ ጭንቅላታቸው ውስጥ በፈሰሰው ደም ምክንያት መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው በመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ባለቤታቸው አቶ ቦንሳ፣ ልጆቻቸው ሚሳኤልና ናፍቆት፣ ሦስቱ ወንድሞቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ሕፃኗም አለች። የእናቷ ወተት አሁን በአክስቷ እጅ፣ በበረዶ ታሽጎ፣ ሰዓቱ ተጽፎበት ይመጣላታል።

አምላክ ሲስተር ገዲሴን ከበኩር ልጃቸው ጋር ያገናኝልን። አሜን።