ከወንጭፍ እስከ ሮኬት፤ የመምህር ይሕደጎ ኣፅብሃ የሕይወት ታሪክ

መምህር ይሕደጎ ኣፅብሃ ከአባታቸው ከአቶ ኣፅብሃ ግደይና ከእናታቸው ከወ/ሮ ለተብርሃን ካሕሳይ በ1949 ዓ.ም በራያ፣ በመኾኒ አቅራቢያ ተወለዱ። አገሩ የማሽላ አገር ነው። ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር ወፍ ይወርድበታልና እናታቸው ከቃጫ ወንጭፍ እየገመዱ ለጎረቤቱ ሁሉ ይሰጡ ነበር። የወ/ሮ ለተብርሃን ወንጭፍ አይስትም ይባል ነበር። ልጃቸው ይሕደጎ ግን ወፍ በመምታት አልታወቁም። እርሳቸውን ያስጨነቃቸው፣ ድንጋዩ ክብ ሲዞር ቆይቶ ሲለቀቅ ለምን ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ነበር። እናታቸው መጠየቁ ሲሰለቻቸው «አንተ ልቀቀው እንጂ እሱ መንገዱን ያውቃል» ይሏቸው ነበር። መምህር ይሕደጎ ይህን እያስታወሱ «የመጀመሪያዋ የፊዚክስ መምህሬ ግማሹን ነግራኝ ግማሹን ለእኔ ተወችልኝ» ይሉ ነበር።

በሐምሌ 1961 ዓ.ም ሰው ጨረቃ ላይ መድረሱን የሰሙት በመኾኒ ገበያ፣ በአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ደጃፍ፣ ከራዲዮ ነው። ከተሰበሰበው ሰው እኩሉ አላመነም። አንዲት እናት «ታዲያ ዛሬ ማታ ጨረቃዋ ትወጣለች ወይስ እንግዳ ስላለባት ትቀራለች?» ብለው ጠየቁ። ይሕደጎ ደግሞ ልብስ ሰፊውን «ማን ወረወራቸው?» አሉት። «ሮኬት ነው፤ ሮኬት ራሱን ይወረውራል» አላቸው። ራሱን እንዴት ይወረውራል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተዋቸውም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመኾኒ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በማይጨው ተከታትለዋል። የ1967ቱ ዘመቻ ትምህርታቸውን ቢያቋርጠውም ከዘመቻ ተመልሰው ፈተናቸውን አልፈው በ1970 ዓ.ም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ፋኩልቲ ገቡ፤ በ1974 ዓ.ም በፊዚክስ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ። በዚያው ዓመት አሰላ ተመድበው ማስተማር ጀመሩ። በ1979 ዓ.ም ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው በ2009 ዓ.ም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በቦሌ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል።

በጥር 1978 ዓ.ም የደብረ ማርቆስ ተወላጅና የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑት ከወ/ሮ ተናኜ ቢተው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ሽማግሌ በተላከ ጊዜ የሙሽራይቱ አባት አቶ ቢተው «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ድንጋይ እንዴት እንደሚወረወር ያስተምራል» ብለው ነገሩን ሊያበላሹት ደርሰው ነበር። አቶ ቢተው ጥቂት አሰቡና «ለዚህ ደሞዝ የሚከፍል መንግሥት ካለ ልጄ አትራብም» ብለው ፈቀዱ። ከዚህ ጋብቻ ኣረጋዊ፣ ሀይሚ እና ዊንታ ተወለዱ። ቤተሰቡ በገርጂ ብዙ ዓመት በኪራይ ከኖረ በኋላ አሁን ለሚ ኩራ በሚባለው ክፍለ ከተማ ሰሚት ላይ ቤት ሠርቶ ገባ።

መምህር ይሕደጎ በብዙዎቻችሁ ዘንድ የሚታወቁት በ1988 ዓ.ም በትምህርት ቤታቸው ባቋቋሙት የሮኬት ክበብ ነው። የክበቡ ተማሪዎች የሰው ልጅ ነገርን ወደ ሩቅ የላከባቸውን መሣሪያዎች ከመጀመሪያው ጀምረው በእጃቸው ይሠሩ ነበር። በራያ ቃጫ የተገመደ ወንጭፍ ይቀድማል፤ ቀስት ይከተላል። ቀጥሎ በአንድ ጫፉ ክብደት ሲወርድ በሌላው ድንጋይ የሚወረውር የእንጨት ማማ አለ። ከዚያ ባሩድ ሳይጨመርበት የተሠራ የቻይና የእሳት ቀስት ምሳሌ፣ ህንዶች በብረት ቀፎ የሠሩት ሮኬት ምሳሌ፣ እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም ከመቅደላ በታች እሮጌ ላይ ሮኬት የተኮሱበት ዓይነት ቱቦ ይደረደራል። አንድ አሜሪካዊ መምህር በዘመዱ እርሻ አስወንጭፎት ጎመን መሃል የወደቀው ባለ ፈሳሽ ነዳጅ ሮኬትም በእንጨት ተቀርጾ ነበር፤ ተማሪዎች ጎመኑን ሳይሥሉለት ቀርተው አያውቁም። የመጨረሻው በእውነት የሚበረው ነው። ከሃይላንድ ጠርሙስ ይሠራል፤ እኩሉ ውሃ ይሞላና በብስክሌት መንፊያ አየር ታጭቆበት ከቧንቧ ላይ ይወነጨፋል።

በየዓመቱ የመጀመሪያው ትምህርት አንድ ነበር። «ወንጭፍም ቀስትም መድፍም አንዴ ገፍተው ይተዋሉ። የሚገፋው እጅ ከኋላ ይቀራል። ሮኬት ግን የሚገፋውን እጅ ይዞት ይሄዳል።» የልብስ ሰፊውን ነገር ያስረዱት በዚህ ነበር። ስለ እሮጌ ሲያስተምሩ ደግሞ «ሮኬት መጀመሪያ ያየነው በላያችን ሲወርድ ነው። ወደ ላይ ሲሄድ የምናየው እናንተ ስትሠሩት ነው» ይሉ ነበር።

ትምህርት ቤቱ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ የሚያልፍበት ሰፈር ስለሆነ ክበቡ አንድ ደንብ ነበረው። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሁሉም እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይቆማል፤ ድምፁ እስኪጠፋ ማንም ምንም አይነካም። ጠርሙሱ ያን ያህል ከፍታ እንደማይደርስ ተማሪዎቹ ቢከራከሩም «አይደርስም። እኛ ግን እንጠነቀቃለን» ይሏቸው ነበር። ዛሬ በዚህ የቆማችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው አውሮፕላን ሲያልፍ እጃችሁ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

ጡረታ ከወጡ በኋላም ክበቡን ያለ ክፍያ ቀጠሉ። መሣሪያዎቹንም በሰሚት ግቢያቸው በቆርቆሮ ጥላ ሥር ደርድረው ያስቀምጡ ነበር።

በ2013 ዓ.ም ጦርነቱ ተነሣ። «ሮኬት» የሚለው ቃል በየዜናው ይሰማ ጀመር። ከመኾኒ ጋር ስልክ ተቋረጠ። የታላቅ እህታቸውን የወ/ሮ ኣምለሰት ኣፅብሃን ሞት የሰሙት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ዘመድ «አሁንማ ጊዜው አልፏል፣ ጸሎት ይበቃል» ቢላቸው እሺ አላሉም። ድንኳን ጥለው ሦስት ቀን መሬት ተቀምጠው፣ ሰልስቷን እንደ ትኩስ ሐዘን አወጡ። ይህን እዚህ የምንጽፈው ለሐዘን ሥርዓት የነበራቸው ክብር እንዲታወቅ ነው። ምክንያቱም ከታች ይነበባል።

በኅዳር 2014 ዓ.ም ጥቆማ ደርሶናል ያሉ ሰዎች ቤታቸውን ሊፈትሹ መጡ። መምህር ይሕደጎ አስተማሪ ናቸውና በየመሣሪያው ላይ ስሙን በትልልቅ ፊደል ጽፈው ነበር። ፈታሹ ቧንቧውን እያሳየ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲላቸው ከተጻፈው ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ «ሮኬት ማስወንጨፊያ» አሉት። ባለቤታቸው «ኧረ ይሕደጎ!» አሉ። እርሳቸው ግን «አንድ ባልዲ ውሃ አምጡና ላሳያችሁ» አሉ። ውሃውን ያመጣ አልነበረም። እርሳቸውም መሣሪያዎቹም በአንድ መኪና ተጭነው ሄዱ።

በጥር ወር ተፈቱ፤ መሣሪያዎቹ ግን አልተመለሱም። ታስረው ስለቆዩበት ጊዜ ብዙ አላወሩም። አብረዋቸው የነበሩ ወጣቶች ዛሬም «ጋሽ ሮኬት» ብለው እንደሚጠሯቸው፣ በቆይታቸውም ከወንጭፍ ጀምረው እስከ ጨረቃ እንዳስተማሯቸው የሰማነው ከወጣቶቹ ነው። ማን እንደጠቆመባቸው ያውቁ ነበር። ስሙን ለባለቤታቸውም ሳይነግሩ አልፈዋል።

ትምህርት ቤቱ ክበቡን ዘግቶ ነበር። ኃላፊው በአክብሮት «መምህር፣ እርስዎን እናውቃለን፤ ጊዜው ነው ያልሆነው» አሏቸው። «ጊዜውማ ያልፋል። ክበቡ ካለፈ ነው የማይመለሰው» ብለው ወጡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በሕይወታቸው አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ። ክበቡ በዚያው ሜዳ፣ በፈቃድና በስሙ፣ ሰው ሁሉ እያየ እንደገና እንዲያስወነጭፍ ነበር ምኞታቸው።

መጀመሪያ መሣሪያዎቹን ከወንጭፉ አንሥተው አንድ በአንድ እንደገና ሠሩ። የእናታቸው እጅ ሥራ የነበረው ወንጭፍ ስለጠፋ ቃጫ ከመኾኒ አስልከው ራሳቸው ገመዱት። የብረቱን ሥራ ላምበረት አካባቢ የብየዳ ቤት ያለው የቀድሞ ተማሪያቸው ሱፍያን ሠራላቸው። ሱፍያን «ጋሼ፣ የዛሬው ላይስ ስም ባንጽፍበት ይሻላል» ቢላቸው፣ «ስም የሌለው ነገር ነው የሚያስፈራው» ብለው በዚያው በትልልቅ ፊደላቸው ጻፉበት።

ቀጥሎ ፈቃድ መጠየቅ ጀመሩ። ወዳጆቻቸው ከከተማ ወጣ ብለው ሜዳ ላይ ዝም ብለው እንዲያስወነጭፉ ቢመክሯቸው «ተደብቄ ልጅ አስተምሬ አላውቅም» አሉ። ከለሚ ኩራ እስከ ኦሎምፒያ በየቢሮው ደረጃ ወጡ፣ ወረዱ። አንድ ወጣት ሠራተኛ አዝኖላቸው «አባቴ፣ "የውሃ ጨዋታ" ብለው ይጻፉት፤ ዛሬውኑ ላሳልፍልዎ» አላቸው። «ልጄ፣ በሐሰት ካሳለፍከው ለልጆቹ ምን አስተማርኳቸው? ሮኬት ነው። ሮኬት ብለህ ፍቀድልኝ» ብለው ማመልከቻቸውን መልሰው ያዙ። በ2016 ዓ.ም ኩላሊታቸው ታሞ እጥበት ከጀመሩ በኋላም አላቋረጡም። ከእጥበት በማግስቱ ያርፋሉ፤ በሦስተኛው ቀን ቢሮ ደጃፍ ይገኛሉ። አቅማቸው ሲደክም የቀድሞ ተማሪያቸው ኢንጂነር ሶሬቲ ዋቅጅራ በመኪናዋ ታደርሳቸው ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ፣ እኔ ብቻዬን ልግባ» ብትላቸው «አንቺን ካዩ ወረቀት ይቀበሉሻል። እኔን ካዩ ግን ወንበር መስጠት አለባቸው። ወንበር የሰጠ ሰው ቶሎ ይጨርሳል» ብለዋታል።

ባለፈው ጥቅምት ፈቃዱ መጣ። «ለሮኬት ክበብ» ይላል። የተፈቀደው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት። ያ ቀን ካለፈ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጠየቃል።

መምህር ይሕደጎ ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ ሆስፒታል ተኝተው ሕክምና ሲከታተሉ ቆዩ። ባለፈው ማክሰኞ ቤተሰቡ ባለበት በጣታቸው ቆጠሩና «ዛሬ ካረፍኩ ሰልስቴ ዓርብ ነው። ነገ ካረፍኩ ግን ቅዳሜ ይገጥምባችኋል» አሉ። ባለቤታቸው ተቆጥተው «ምን ዓይነት ሒሳብ ነው!» ሲሏቸው ፈገግ ብለው «ቀኑን የሚወስነው ሌላ ነው፤ የእኔ ማስላት ብቻ ነው» አሉ። ከዚያም አደራቸውን ተናገሩ። «ካለሁ ሜዳው ላይ ወንበር አስቀምጡልኝ። ከሌለሁ ወንበሩን ለተናኜ ስጧት። ማስወንጨፉ ግን እንዳይቀር።» መምህር ይሕደጎ በማግስቱ፣ ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን ማለዳ፣ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ።

ትናንት በድንኳኑ ውስጥ በዚህ ነገር ሽማግሌዎች ተነጋግረዋል። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ተስፉ በቅን ልብ «በሰልስቱ ሮኬት? ሰው ምን ይላል?» አሉ። ወ/ሮ ተናኜ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ሰውማ በ2014ም ብሏል» ብለው መለሱ። ቀጥለውም «የእህቱን ሰልስት ዓመት ዘግይቶ ያወጣ ሰው፣ የራሱን በሰዓቱ እናወጣለታለን። ጠዋት በቤተ ክርስቲያን፣ ሦስት ሰዓት በሜዳው» አሉ። አቶ ተስፉም «እንግዲያው የእድሩን ወንበሮች ከድንኳኑ ወደ ሜዳው የማስጭነው እኔ ነኝ» አሉ። በዚሁ ተወሰነ።

መምህር ይሕደጎ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነበሩ፤ አራት የልጅ ልጆችም አይተዋል። ከቤተሰባቸው ሌላ ቁጥራቸውን እኛ የማናውቀው፣ እርሳቸው ግን በስም የሚጠሯቸው ተማሪዎች አሏቸው። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሟቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ለእድራችን አባላት፣ ከመኾኒና ከደብረ ማርቆስ መንገድ ሳይበግራችሁ ለመጣችሁ ዘመዶች ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ሐሙስ በገርጂ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። የሰልስት ጸሎቱ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ማለዳ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከጸሎቱ በኋላ ሁላችሁም በትምህርት ቤቱ ሜዳ እንድትገኙ ቤተሰቡ ይጋብዛል። መሣሪያዎቹ ከነስማቸው ይደረደራሉ። የመጀመሪያውን ድንጋይ በወንጭፍ የሚለቁት ወ/ሮ ተናኜ ናቸው፤ የመጨረሻውን የምታስወነጭፈው ሶሬቲ ናት። አውሮፕላን ከመጣ እንደ ደንቡ እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን ቆመን እንጠብቃለን። ካለፈ በኋላ እንቀጥላለን።

ዓይናችንን ወደ ላይ እንድናነሣ ያስተማሩንን የመምህራችንን ነፍስ፣ ወደ ላይ የጠራቸው አምላክ በቅዱሳኑ ማረፊያ ይቀበልልን። ላሰሯቸውም ላሰናበቷቸውም፣ ላዘኑላቸውም ሁሉ ምሕረቱን ያብዛልን። እኛንም ለቅዳሜ ያድርሰን። አሜን።